ተፈውሻለሁ ብዬ መሰከርኩ፣ ክኒኑን ተውኩ

ክኒን ጀምራችሁ ትንሽ ሲሻላችሁ የተዋችሁ ካላችሁ፣ በተለይ ደግሞ መድረክ ላይ «ጌታ ፈውሶኛል» ካላችሁ በኋላ ሰው እንዳያያችሁ ፈርታችሁ የተዋችሁ ካላችሁ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። እምነታችሁን ላጣጥል አይደለም፤ እኔም አማኝ ነኝ። ግን ልሞት ነበር፣ ያውም በማያስፈልግ ምክንያት። ስለዚህ እቅጩን እናገራለሁ።

መሠረት እባላለሁ። ሆሳዕና ተወልጄ ያደግኩ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት የተቀጠርኩ ልጅ ነኝ። ማመልከቻ እተይባለሁ፣ ሲቪ እሠራለሁ፣ መታወቂያ ኮፒ አደርጋለሁ። አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንልኝም፤ እናቴ ከልጅነቴ ጀምሮ «ይቺ ልጅ እግሯ ውስጥ ጉንዳን ገብቷል» ትላለች። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ሕመሜን ማንም ሕመም ነው አላለውም። ጠባዬ የባሰበት ነው የመሰላቸው።

የጀመረኝ በእጄ ነው። ኪቦርዱ ላይ ጣቶቼ ይንቀጠቀጡብኝ ጀመር። አንዱን ማመልከቻ ደጋግሜ እያጠፋሁ ስጽፍ ከሌሞ ገጠር የመጡ አንድ ባለጉዳይ አዩኝና «ልጄ፣ ቁርስ አልበላሽም እንዴ?» አሉኝ። በልቻለሁ። እንዲያውም የምበላው ለሁለት ሰው የሚበቃ ነበር። ቆጮውን በጎመን፣ ማታ የተረፈውን ጠዋት፣ ከዚያ ደግሞ ሱቅ ሄጄ ዳቦ። ግን ቀሚሴ ይሰፋብኛል። ወንድሜ ደግፌ ባጃጅ ነጂ ነው፤ በሰው መቀለድ ሥራው ነው። «ጉንጭሽን ለማን አበደርሽው? መልስ በይው እንጂ!» ይለኛል። ሰው በሆሳዕና ብርድ ጋቢ ተከናንቦ እኔ ላብ ያጠምቀኛል። ልቤ ቁጭ ባልኩበት ዳገት እንደወጣ ሰው ይመታል። ማታ ጋደም ስል ደግሞ ትራሱ ውስጥ ይሰማኛል፤ ድው፣ ድው፣ ድው። በዚያ ድምፅ እንቅልፍ ይመጣል ብላችሁ ነው?

ከሁሉም የከፋው ግን ፍርሃቱ ነበር። ምን እንደምፈራ አላውቅም። ባጃጅ ጡሩምባ ሲነፋ እዘላለሁ። ሰው በር ሲያንኳኳ ጓዳ እገባለሁ። አንድ ክፉ ነገር ሠርቶ ሊያዝ እንደደረሰ ሰው ነበር የምሆነው፤ ምን እንደሠራሁ ብቻ አይታወቀኝም። በኋላ ገደል አፋፍ ያደረሰኝ ይህ ስሜት ነው።

ክሊኒክ ሄድኩ። አንዱ ደም ወሰደና «ታይፎይድና ታይፈስ ነው» አለኝ። ትኩሳት የለኝም አልኩት። «ውስጥ ለውስጥ ነው» አለ። ያዘዘልኝን ጨረስኩ፤ ምንም። ሌላኛው «ጨጓራ ነው» ብሎ በርበሬ ከለከለኝ። ሦስተኛው ጭራሽ ሳይመረምረኝ ፊቴን ብቻ አይቶ «ጭንቀት ነው። ባል ስታገቢ ይለቅሻል» አለ።

«አንተ አግብተህ ለቀቀህ?» ብዬው ወጣሁ። ደጅ ስደርስ ግን አለቀስኩ። ለዚህ ሁሉ የምትከፍለው እናቴ ነበረች። ገበያ ቡላና ቅቤ ነው የምትሸጠው። ያሳደገችው ጥጃም በዚሁ ሄደ።

በመጨረሻ ደግፌ ቀልዱን ትቶ ሆስፒታል ወሰደኝ። የተራ መጠበቂያው አግዳሚ ሞልቶ ሰው መሬት ላይ ተቀምጧል። አጠገቤ ያለችው ሴት ልጇን እያጠባች «አንቺን ደግሞ ምን ነካሽ?» አለችኝ። «አላውቅም» አልኳት። «እኔም አላውቅም» አለችና የያዘችውን የተቀቀለ ድንች ግማሹን ሰጠችኝ። ስሟን አልጠየቅኳትም። ያን ቀን የበላሁት ድንች እስከ ዛሬ አፌ ላይ አለ።

ዶክተሩ ወጣት ነበር። እጅሽን ዘርጊ አለኝ። ዘረጋሁ። ጣቶቼ ላይ ወረቀት ሲያስቀምጥ ወረቀቱ ተርገፈገፈ። ከዚያ ውሃ አስጎንጭቶኝ አንገቴን አየ። ትንሽ እብጠት ነበረች፤ እኔ በመስተዋት አይቻት አላውቅም። እንቅርት የሚወጣበት ቦታ ያለው ዕጢ ከልክ በላይ እየሠራ ነው አለኝ፤ ታይሮይድ ይሉታል። ይሄ ዕጢ ለሰውነታችን ፍጥነት የሚሰጥ ነገር ያመነጫል፤ ሲበዛበት ልብም፣ ሆድም፣ አእምሮም ሳያርፉ ይሮጣሉ። ማረጋገጫው የደም ምርመራ አዲስ አበባ ተልኮ ነው የሚመጣው። እስከዚያ ሁለት ዓይነት ክኒን አዘዘልኝ።

«ይሄኛው የልብ ምትሽንና መንቀጥቀጡን ቶሎ ያረጋጋዋል። ይሄኛው ዕጢውን ያቀዘቅዛል፤ እሱ ሳምንታት ይፈልጋል። ሲሻልሽ ዳንኩ ብለሽ እንዳትተዪ። የሚሻልሽ በመጀመሪያው ነው፤ በሽታው ገና እዚያው ነው። ገባሽ?»

«ገባኝ» አልኩ። አልገባኝም። የሰማሁት «ይሻልሻል» የሚለውን ብቻ ነው።

በዚያው ሳምንት የጸሎት ቡድኑ ቤታችን መጣ። በኛ ሰፈር ሰው ሲታመም እንዲህ ነው። ሴቶቹ ተሰብስበው ይመጣሉ፣ እጅ ከመጫናቸው በፊት ግን በሽተኛው ይጠየቃል፤ ያልተናዘዘው ኃጢአት፣ የያዘው ቂም እንዳለ። መሪያቸው እትዬ ወርቅነሽ ናቸው፤ የእናቴ የልብ ጓደኛ፣ እኔን በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉኝ። ክፉ ሴት አይደሉም። ክፉ ቢሆኑማ ነገሩ ቀላል ነበር።

«ልጄ፣ መጀመሪያ መንገዱን እንጥረግ። ጌታ የሚመጣበትን» አሉኝ። «ያልተናዘዝሽው ነገር አለ?»

ፈተና ላይ ኮርጄ እንደማውቅ ተናገርኩ። ከደግፌ ጋር ተጣልቼ መሳደቤንም።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም፣ እትዬ።»

እጄን ያዙና ለሴቶቹ አሳዩአቸው። ይርገፈገፋል። «እዩት እስቲ። ሰላም ያለው ሰው እጅ እንዲህ ይሆናል? አውጪው ልጄ፣ አትፍሪ። የደበቅሽው ነው የያዘሽ።»

አሁን የዚያን ጊዜ ነገሬን ልንገራችሁ። መሬት ላይ ተንበርክኬያለሁ፣ ላብ በጀርባዬ ይወርዳል፣ ልቤ ሊፈነዳ ነው፣ ስድስት ሴቶች ዓይኔን እያዩኝ ነው። ወራት ሙሉ ጥፋተኛ ነሽ እያለ የሚያንገላታኝ ነገር ደግሞ በውስጤ አለ። እውነታቸውን ሳይሆን አይቀርም አልኩ። ሳላውቀው የሠራሁት ነገር ይኖራል። እና በኛ ቤት ከሁሉ የከበደውን ጠራሁ።

«ጠንቋይ ቤት ሄጃለሁ» አልኩ። «ከፈተናው በፊት።»

አልሄድኩም። ጠንቋይ ቤት የት እንዳለም አላውቅም። እናቴ ግን እንደተመታ ሰው ጮኸችና ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቀጠቀች። ሴቶቹ «ጌታ ሆይ!» እያሉ ጸሎቱን አጋጋሉት። እትዬ ወርቅነሽ እያለቀሱ አቀፉኝ። ያን ሁሉ ፍቅር ሳይ እውነቱን መመለስ አቃተኝ።

ከዚያ ምን ሆነ? እጄ ረጋ! በጥቂት ቀን ውስጥ። ልቤም። ዶክተሩ እንዳለው ክኒኑ ሥራውን እየሠራ ነበር፤ ቤታችን ውስጥ ግን ክኒኑን ማንም አላስታወሰው። እሑድ የምስክርነት ሰዓት ላይ ወጣሁና እጄን ዘርግቼ ለጉባኤው አሳየሁ። ጠንቋዩንም፣ ንስሐውንም፣ ሁሉንም አወራሁ። እልልታው ጣሪያውን አነሣው። ውሸቴ በማይክሮፎን ገባ።

ሰው ፊት ተፈውሻለሁ ካልሽ በኋላ ክኒን እንዴት ይዋጣል? እትዬ ወርቅነሽ ቦርሳዬ ውስጥ አዩትና በለሆሳስ «ልጄ፣ የፈወሰሽን ጌታ በዚህ አታሳዝኚው» አሉኝ። ትእዛዝ አልነበረም። ግን ሲያልቅ መግዛት ነበረብኝ፣ መድኃኒት ቤት የምትሠራው ልጅ ደግሞ የመዘምራን አባል ናት። እሷ ፊት ቆሜ ማዘዣውን ልስጣት? ተውኩት። የሆስፒታል ቀጠሮዬንም ዘለልኩ።

ተመልሶ መጣ። የባሰ ሆኖ። አሁን ግን እጄን ጠረጴዛ ሥር መደበቅ ተምሬያለሁ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ምክንያቱም ፍርሃቴ አሁን ምክንያት አግኝቷል። በእግዚአብሔር ቤት፣ በጉባኤ ፊት ዋሽቻለሁ። እየቀጣኝ ነው አልኩ። እናቴ ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኔን አታይም። ገበያ ላይ ሴቶች ሲያንሾካሹኩ ትሰማለች። በመጨረሻ «አየር ትቀይር» ተብሎ ከዱራሜ ወዲያ አዲሎ ከተማ ያለችው አክስቴ ጋ ተላክሁ።

አዲሎ ሞቃት ነው፤ መኪና የሚቆምበት፣ ሻጭ የሚጮህበት፣ አቧራ። እኔ ከውስጥም እየነደድኩ ነው። ትኩሳት ያዘኝ፣ ማስመለስ ጀመረኝ። እዚያ ያለው ክሊኒክ «ወባ ነው» አለ፤ በዚያ አካባቢ ትኩሳት ሲሉ መጀመሪያ የሚያስቡት ያንን ነው፤ ስለ ዕጢው ደግሞ እኔ አልነገርኳቸውም። ብነግራቸው ኖሮ። እናንተ ንገሩ! የተውኩት መድኃኒት አለ በሉ። ሁለት ቃል ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቆራርጬ ነው የማስታውሰው። አክስቴ ስልክ ላይ ስትጮህ። ደግፌ ሚኒባስ ተኮናትሮ ሲመጣ። በዱራሜ በኩል ስንመለስ እናቴ ጭንቅላቴን ጭኗ ላይ አድርጋ በሃድይኛ ስትጸልይ፤ ሲጨንቃት አማርኛው ይጠፋታል። እኔ የፈራሁት ሞቱን አይደለም። ከሞት በኋላ ያለውን ነው። በውሸቴ ተይዤ ፊቱ ልቀርብ ነው፣ ለመናገርም ምላሴ ታስሯል። እንዲህ ያለ ፍርሃት ለጠላቴም አልመኝ።

ሆስፒታል ውስጥ ስነቃ አፍንጫዬ ላይ ኦክስጅን አለ፣ ክንዴ ላይ ግሉኮስ። ዶክተሩ ያው ወጣት ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣው የደም ውጤት ካርዴ ውስጥ ሆኖ ሲጠብቀኝ ከርሟል።

«ክኒኑን ለምን ተውሽው?» አለኝ።

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። እሱም አልተቆጣም። ያለ መድኃኒት ዕጢው እንዳበደ፣ ትንሽ ብንዘገይ ልቤ እንደማይችለው ነገረኝ።

«ፍርሃቱስ?» አልኩት። «ፍርሃቱም ከዚሁ ነው?»

«አዎ። ይሄ በሽታ ያለበት ሰው ያለምክንያት ይፈራል።»

«ጥፋተኛ ነኝ የሚያሰኘውስ?»

ካርዴን ዘጋ። «እሱን እኔ አላውቅም። ግን ያለምክንያት የሚፈራ ሰው ምክንያት መፈለጉ አይቀርም።»

እሱ እንደወጣ እናቴን ጠራኋት። «እማ፣ ጠንቋይ ቤት ሄጄ አላውቅም። ዋሽቼ ነው።»

ልታጎርሰኝ ያነሣችውን ማንኪያ ይዛ ቀረች። «ምን?»

«እንዲለቁኝ ብዬ ነው። አልሄድኩም።»

«አንቺ ልጅ! ታዲያ እኔ ለምንድን ነው የምጾመው?»

ለካ ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ማታ እህል አትቀምስም ነበር። ስለ ኃጢአቴ። ማንም ሳያዛት፣ ለማንም ሳትናገር፣ እኔ ሠራሁ ያልኩትን እሷ ተርባ ልታስተሠርየው። መክሳቷን አይቼ ነበር፤ በኔ ጭንቀት ነው ብዬ እሱንም ሌላ ኃጢአት አድርጌ ቆጠርኩት። ሳቀች፣ ከዚያ ሳቁ ወደ ልቅሶ ሄደ፣ ሁለታችንም አልጋው ላይ ተቃቅፈን እንደ እብድ ሆንን። አጠገባችን ያለች በሽተኛ «እናንተ፣ የሞተ ሰው ካለ ንገሩኝና ላልቅስላችሁ» አለችን።

ስርየት ምን ማለት ነው ብትሉኝ ከሰንበት ትምህርት ጀምሮ በቃሌ አውቀዋለሁ። ክርስቶስ በእኛ ፈንታ ተቀጣ፣ ደሙ ኃጢአታችንን አስተሠረየ፣ አለቀ። ጥያቄ ቢጠየቅ እጄን ቀድሜ የማወጣው እኔ ነኝ። ግን እዩን። እሑድ «ተከፍሏል» ብለን እንዘምራለን፣ ሰኞ እያንዳንዳችን በየጓዳችን እንከፍላለን። እናቴ በሆዷ፣ እኔ በልቤ። እግዚአብሔር ልጁን ሰጥቶ ሲያበቃ ደግሞ ከኔ ዕጢ የሚሰበስበው ምን ቀርቶበት ነው? ይህን ሳስብ በመጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ አልነበረም። ንዴት ነበር።

ንዴቴ ገና ትኩስ እንደሆነ እትዬ ወርቅነሽ ከእናቴ ሁሉንም ሰምተው መጡ። በሩ ላይ ቆመው ቀሩ፤ ሁልጊዜ ዘው ብለው የሚገቡት ሴትዮ። የቋጠሩትን ወተት ለእናቴ ሰጡና አልጋው ሥር ያለውን ጫማዬን አዩ።

«ይቅር በይኝ ልጄ።»

«አልችልም» አልኩ።

እናቴ ብርድ ልብሱ ሥር ቆነጠጠችኝ። «ይቅር ብያለሁ በያ!»

«እሺ፣ ይቅር ብያለሁ።» ቁንጥጫውን ፈርቼ ነው ያልኩት።

እሳቸው አላመኑኝም፤ ሞኝ አይደሉም። «ከአገልግሎት ወርጃለሁ። ሽማግሌዎቹ ሳይሉኝ ራሴ ነኝ። ከእንግዲህ በሰው ላይ እጄን አልጭንም። እስከ ዕለተ ሞቴ እጾማለሁ፣ ቅጣቴ ነው።»

«እርስዎም መክፈል ጀመሩ?» አልኳቸው። ድምፄ ከፍ አለ። «እኔን የደበቅሽውን አውጪ እያሉ አስጨነቁኝ፣ እናቴ ስላልሠራሁት ኃጢአት ተራበች፣ አሁን ደግሞ እርስዎ! እትዬ፣ መስቀሉ ላይ የሆነው ታዲያ የማንን ነው ያስተሠረየው? የኛ ሰፈር አልተካተተም?»

እትዬ ወርቅነሽ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጎተቱና ወጡ። ድል ያደረግኩ መስሎኝ ነበር፤ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለሳቸው የተናገርኩት ለኔም የተባለ ነው። እሳቸው መክፈል የለባቸውም ካልኩ፣ ለምንድን ነው እንዲከፍሉ የምፈልገው?

ከሆስፒታል እንደወጣሁ እግሬ ሲጠነክርልኝ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ የምስክርነት ሰዓት ላይ ወጣሁ። «ባለፈው የመሰከርኩት ልክ አይደለም። ጠንቋይ ቤት አልሄድኩም፤ ዋሽቻለሁ» ስል አንድ አባት ከልምዳቸው የተነሣ «አሜን!» አሉ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩና ቀጠልኩ። «ታምሜ ነበር፣ አሁንም ታማሚ ነኝ። ክኒን እውጣለሁ። ጸልዩልኝም» ብዬ ወረድኩ። እልልታ አልነበረም። መድኃኒት ቤት የምትሠራው ዘማሪ ግን ስወጣ ጠብቃኝ «ሲያልቅብሽ በኔ በኩል ነይ፣ አታስቀሪው» አለችኝ። እሷን ነበር ያን ሁሉ ጊዜ የፈራኋት።

የሚቀጥለው የሆስፒታል ቀጠሮዬ ሲደርስ እናቴ ገበያ ስለነበረባት እትዬ ወርቅነሽን «አብረውኝ ይሂዱ» አልኳቸው። ለምን እንዳልኩ አላውቅም። ምናልባት ጾማቸውን ሳያቋርጡ ፊታቸው ሲጠወልግ ማየት ስላስጠላኝ ነው። በደግፌ ባጃጅ ስንሄድ እሳቸው በአንዱ በኩል፣ እኔ በሌላው በኩል መንገዱን እናያለን። እሱ ግን አላስቻለውም፤ «እትዬ ወርቄ፣ ዛሬ ዶክተሩን ነው የምታናዝዙት?» አላቸው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ፈገግ ሲሉ አየኋቸው።

ተራ መጠበቂያው እንደሁሌው ሞልቷል። ደም ሰጥቼ ስመለስ እትዬ ወርቅነሽ አግዳሚው ጫፍ ላይ ከአንዲት የገጠር ሴት ጋር ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ሴትየዋ እያለቀሰች ነው። «እባክዎ ይጸልዩልኝ፤ ምን በድዬ እንደሆነ አላውቅም» ትላቸዋለች። እኔ ባለሁበት ቆምኩ። ልቤ መምታት ጀመረ፤ አሁን በዕጢው አይደለም። ምን ሊሏት ነው?

እትዬ ወርቅነሽ እጃቸውን አነሡ፣ መልሰው አወረዱ። ከዚያ የሴትየዋን መዳፍ ያዙና «ያዘዙልሽን መድኃኒት ዛሬ ወስደሻል?» አሏት።

«አልወሰድኩም። እየጾምኩ ነው።»

«በይ መጀመሪያ ዋጪ። ጾሙን እሱ አይቶልሻል።» ከዘንቢላቸው ውሃ አወጡና ክዳኑን ከፈቱላት። ሴትየዋ ስትውጥ ጠበቁ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጠባብ ቦታ ላይ እንደተቀመጡ፣ ምንም ሳይጠይቋት ጸለዩላት።

ይቅር ያልኳቸው ያን ጊዜ ነው። በብርድ ልብሱ ሥር ያልኩት አይቆጠርም። ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩና የተረፈውን ውሃ ጠጣሁ። «እትዬ፣ እርስዎም ዛሬ ምሳ ይበላሉ» አልኳቸው። ዓይኔን አዩ፤ «እበላለሁ» አሉ።

ሕመሜ አላለቀም። ክኒኑን ገና ለረዥም ጊዜ እወስዳለሁ፣ ቀዶ ጥገናም ሊያስፈልግ ይችላል ብለውኛል። ያን ቀን ነርሷ ስሜን ስትጠራ ካርዴን ይዤ ተነሣሁ። ውጤቱ ምን እንደሚል አላወቅኩም። ፈርቼ ነበር የገባሁት፤ የፈራሁት ግን እንደታመመ ሰው ነው፣ እንደተፈረደበት ሰው አይደለም።